ከአንገት ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ጭንብል፤ በእንቅልፍ የሚቋረጥ ትንፋሽና የመሣሪያው ታሪክ

የመጽሔታችን አዘጋጆች በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻቸው ለሚቋረጥ ሰዎች ስለሚታዘዘው የመተንፈሻ መሣሪያ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የፈለጉት አጭር የመሣሪያ ምርጫ መመሪያ መስሎኝ ነበር። ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ግን «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ያለ ታሪኩ የሚመለስ ሆኖ አላገኘሁትም። ዛሬ በመሣሪያው ላይ የምናየው ቁልፍ፣ ማሰሪያና የሲሊኮን ትራስ ሁሉ አንድ በሽተኛ በአንድ ሌሊት ሊታገሠው ያልቻለውን ነገር ለማረም የተጨመረ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ማንኮራፋት በየቤታችን የቀልድ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ከሚያንኮራፉት መካከል ድምፃቸው ድንገት ጸጥ የሚልባቸው አሉ። የጉሮሮ ግድግዳ አጥንት የለውም፤ ሰው ነቅቶ ሳለ ክፍት አድርገው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። በእንቅልፍ ጡንቻዎቹ ሲላሉ ምላስ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ለስላሳው ላንቃም ይረግባል፤ መንገዱ በተፈጥሮ ጠባብ ከሆነ ወይም ዙሪያው በስብ ከተጨናነቀ ፈጽሞ ይዘጋል። ደረት ለመሳብ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲያሽቆለቁል አንጎል ለጥቂት ሴኮንዶች ይባንናል፣ ጉሮሮው በታላቅ ድምፅ ይከፈታል፣ እንቅልፍ ይመለሳል፣ ጉሮሮውም ዳግመኛ ይዘጋል። ይህ በአንድ ሌሊት መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ሊደጋገም ይችላል። የሚደንቀው ግን በሽተኛው ጧት ሲነሣ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አለማስታወሱ ነው፤ የሚያውቀው አጠገቡ የተኛው ሰው ብቻ ነው።

ሕክምናም በሽታውን ለረጅም ዘመን ሳያየው የቆየው ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል፤ ሐኪም በሽተኛውን የሚያየው ቀን ነውና። የእንግሊዙ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1836ና በ1837 ባሳተመው የፒክዊክ ልብ ወለድ ውስጥ ቆሞ የሚያንቀላፋ ጆ የሚባል ወፍራም ልጅ አለ። በ1956 በርዌልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባወጡት ጽሑፍ የሕመሙን ስም ከዚሁ መጽሐፍ ወስደው «የፒክዊክ ሕመም» አሉት። በሽተኛቸው የ51 ዓመት የንግድ ሥራ ኀላፊ ሲሆን ክብደቱ ከ260 ፓውንድ በላይ ነበር። ወደ ሐኪም ያመጣውም አንድ የካርታ ጨዋታ ነው፤ ሦስት አስና ሁለት ንጉሥ ደርሶት ሳለ እንቅልፍ ስለ ጣለው ዕድሉን ሳይጠቀምበት ቀረ። ጸሐፊዎቹ የእንቅልፋምነቱን ምክንያት በደም ውስጥ የተከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ብለው ደመደሙ። ስሕተታቸውን ልንነቅፍ አይገባንም፤ በሌሊት አልጋው አጠገብ የተቀመጠ ሰው አልነበረምና።

በሌሊት የተቀመጡት በ1965 ነው። በማርሴይ ጋስቶ፣ ታሲናሪና ዱሮን፣ በፍራይቡርግ ደግሞ ዩንግና ኩሎ፣ ሁለቱ ወገኖች ሳይመካከሩ፣ የእነዚህን በሽተኞች የአንጎል ሞገድና ትንፋሽ በአንድነት መዝግበው ትንፋሹ በእንቅልፍ ጊዜ ደጋግሞ እንደሚቋረጥ አሳዩ። ጉሮሮ ተዘግቶ ከሆነ ከጉሮሮ በታች ቀዳዳ መክፈት ይበቃል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተከተለ፤ በ1969 ኩሎና ባልደረቦቹ የአየር ቧንቧን በአንገት ላይ የመብሳቱ ቀዶ ጥገና፣ ማለትም ትራኪኦስቶሚ፣ በሽታውን እንደሚያስወግድ አስታወቁ። የኋላ ዘመን ሰዎች ይህን ሕክምና ጭካኔ አድርገን ማየት ይቀናናል፤ የሆነ ሆኖ ውጤቱ አስደናቂ ነበር። ለዓመታት ሲያንቀላፋ የኖረ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነቅቶ ይገኝ ነበር። ዋጋው ግን ቀን የሚደፈን፣ ሌሊት የሚከፈት ቀዳዳ በአንገት ላይ ተሸክሞ መኖር ነው፤ ከዚህም ጋር ሳል፣ አክታ፣ ተደጋጋሚ ቁስለትና ውኃ ውስጥ የመግባት ፍርሃት አለ። ለብዙዎች ከበሽታው ይልቅ መድኀኒቱ የሚያስፈራ ቢሆን አያስገርምም።

በ1976 ጊየሚኖ፣ ከቲልኪያንና ከዴመንት ጋር በስታንፎርድ ሆኖ በሽታውን በቁጥር ወሰነው፤ በሰባት ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ቢያንስ 30 ጊዜ ትንፋሽ ከተቋረጠ በሽታው አለ ማለት ነው። በ1978 ሬመርስና ባልደረቦቹ ጉሮሮ የሚዘጋው በሁለት ኀይሎች ሚዛን መዛባት መሆኑን አሳዩ፤ አንደኛው ሳንባ አየር ሲስብ የሚፈጥረው ወደ ውስጥ የመምጠጥ ኀይል፣ ሁለተኛው ምላስን ወደ ፊት የሚጎትተው ጡንቻ ነው። ሚዛኑ እንዲህ ከሆነ ከውስጥ በአየር መግፋት ይቻላል የሚለው ሐሳብ አሁን ለእኛ ግልጽ ይመስላል። መሣሪያውም ቢሆን እንግዳ አልነበረም። የለንደኑ ሐኪም ፖልተን በ1936 ሳንባቸው ውኃ ለሞላባቸው የልብ ሕሙማን የአቧራ መምጠጫ መኪናን ነፋስ ገልብጦ በጭንብል ሰጥቶ ነበር። በ1971 ደግሞ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ ሳንባቸው ሳይጠነክር ለተወለዱ 20 ሕፃናት የማያቋርጥ የአየር ግፊት ሰጥተው 16ቱን ከሞት አትርፈዋል። ነገር ግን የሁለቱም ዓላማ ሳንባን ክፍት ማድረግ ነበር። ጉሮሮን ያሰበ አልነበረም።

ጉሮሮን ያሰበው ኮሊን ሳሊቫን የተባለው አውስትራልያዊ ሐኪም ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በቶሮንቶ ከኤልየት ፊሊፕሰን ጋር ሆኖ የውሾችን የእንቅልፍ ትንፋሽ ያጠና ነበር። ወደ ሲድኒ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1980 በሰኔ ወር፣ በጠና የታመመ አንድ ሰው ትራኪኦስቶሚ እንዲደረግለት ቢመከርም እምቢ አለ፤ አዲስ ሙከራ እንዳለ ሲነገረው ግን ፈቀደ። ሁለት ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦዎች በአፍንጫው ቀዳዳዎች ገቡ፤ ዙሪያው በሲሊኮን ማሸጊያ ተደፈነ፤ በሌላው ጫፍ ፍጥነቱ የሚለዋወጥ የአቧራ መምጠጫ ሞተር ነፋስ ይሰጥ ነበር። ግፊቱ ቀስ በቀስ ከፍ ሲል የትንፋሹ መቋረጥ ቆመ፤ ሲቀንስ ተመለሰ፤ ዳግመኛ ከፍ ሲል ዳግመኛ ቆመ። ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ጧት ለዓመታት በማያውቀው ንቃት ተነሣ።

ሳሊቫን፣ ኢሳ፣ በርተን ጆንስና ኢቭስ በሚያዝያ ወር 1981 በላንሴት መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ የአምስት በሽተኞችን ታሪክ ብቻ የያዘ ነው። የበቃው ግፊት ከ4.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ ነበር፤ ይህም በብርጭቆ ውኃ ውስጥ በገለባ ለመንፋት ከሚያስፈልገው ኀይል ብዙ የማይርቅ ነው። ጸሐፊዎቹ የአየሩን ሥራ የተሰበረ አጥንት ከሚደገፍበት መታሰሪያ ጋር አመሳስለውታል። ወጌሻ የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ አስሮ እንደሚያቆም ሁሉ አየሩ ጉሮሮውን ከውስጥ ደግፎ ያቆመዋል፤ አይጠግነውም። መሣሪያው በተወለቀበት ሌሊት በሽታው ይመለሳል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ፣ በኔ አስተያየት፣ የዚህ የአንድ ዓረፍተ ነገር ውጤት ነው። በየሌሊቱ፣ ዕድሜ ልክ፣ ፊት ላይ የሚታሰር ነገር እንዴት ያለ መሆን አለበት?

የመጀመሪያዎቹ የቤት ተጠቃሚዎች ይህን ጥያቄ በቆዳቸው መልሰዋል። የአፍንጫቸው ቅርፅ በጄሶ ተወስዶ ለእያንዳንዳቸው የፋይበርግላስ ጭንብል ይሠራላቸው ነበር፤ ማታ ማታ በማጣበቂያ ፊታቸው ላይ ይለጥፉታል፣ ጧት ጧት ይልጡታል። ሞተሩም እንደ አቧራ መምጠጫ ይጮህ ስለ ነበር እሩቅ አስቀምጦ ረጅም ቱቦ መሳብ ግድ ነበር። ይህን ሁሉ ታግሠው በየሌሊቱ ያደረጉ ሰዎች መኖራቸው በሽታው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጥ ይነግረናል። በ1982 ራፖፖርትና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ ተመሳሳይ ውጤት አሳተሙ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የፋብሪካ ሆነ፤ ሬስፒሮኒክስ በ1985 በአሜሪካ መሣሪያውን ለገበያ አቀረበ፤ በ1989 ፒተር ፋረል የሳሊቫንን ሥራ ይዞ በአውስትራልያ ያቋቋመው ኩባንያ በ1995 ሬስሜድ የሚለውን ስም ያዘ። በ1990 ሳንደርስና ከርን ሲተነፍሱ ዝቅ፣ ሲስቡ ከፍ የሚል ሁለት ደረጃ ግፊት፣ በ1993 በርተን ጆንስ ደግሞ ግፊቱን እንደ ሌሊቱ ፍላጎት ራሱ የሚለዋውጥ መሣሪያ አስተዋወቁ።

በዚያው በ1993 ሁለት ጽሑፎች ወጡ፤ አንዱ ደስ የሚያሰኝ፣ ሌላው የሚያሳፍር። የመጀመሪያው የያንግና ባልደረቦቿ የዊስኮንሲን ጥናት ነው፤ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 60 በሆኑ ሠራተኞች መካከል ከመቶ ወንዶች አራቱ፣ ከመቶ ሴቶች ሁለቱ ከቀን እንቅልፋምነት ጋር በሽታው እንዳለባቸው አሳየ። በሽታው የጥቂት ወፍራሞች ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ያን ጊዜ ቀረ። ሁለተኛው የክሪብስና ባልደረቦቿ ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች በመሣሪያው ውስጥ በሽተኛው የማያውቀው ቆጣሪ አኖሩ፤ ጭንብሉ ፊት ላይ ሆኖ ግፊት የሚሠራበትን ሰዓት የሚመዘግብ። ሰዎቹ የተናገሩትና ቆጣሪው የመዘገበው ሳይገጥም ቀረ። ከ35 በሽተኞች ቢያንስ በአሥር ሌሊት ሰባቱን፣ ለአራት ሰዓት ያህል የተጠቀሙት 16 ብቻ ነበሩ።

ይህ ቁጥር የሄደበት መንገድ ያስገርማል። አራት ሰዓትና ከመቶ ሰባ ሌሊት የሚለው ልክ ተመራማሪዎቹ በሽተኞቻቸውን ለመክፈል የወሰኑት መሥፈርት እንጂ የመዳን ድንበር አልነበረም። ሆኖም በኋላ የአሜሪካ የአረጋውያን መድን ለመሣሪያው መክፈሉን የሚቀጥለው በሽተኛው በተከታታይ 30 ቀናት ውስጥ ይህንኑ ልክ ካሟላ ነው ብሎ ደነገገ። ምርምር የተመቸውን መሥመር ያሰምራል፤ መሥመሩ ወደ ሕግ ይገባል፤ ከዚያም ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ የተኛው ሰው «ያልታዘዘ» ይባላል። «ለምን አልቻልክም?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች ብዙዎቹ ሞተሩን ሳይሆን ጭንብሉን የሚመለከቱ ናቸው።

በ1997 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ግምገማ የመሣሪያው ጥቅም ገና በሚገባ አልተረጋገጠም በማለት የሙያውን ሰዎች አስቆጣ። ቁጣው ግን ፍሬ ሰጠ። በ1999 ጄንኪንሰንና የኦክስፎርድ ባልደረቦቹ ለአንዳንዶቹ በቂ ግፊት፣ ለሌሎቹ የማይበቃ ግፊት የሚሰጥ ተመሳሳይ መሣሪያ ሰጥተው አወዳደሩ፤ ትክክለኛውን ያገኙት ከእንቅልፋምነታቸው በግልጽ ተላቀቁ። ስለ ልብና አንጎል ደም ሥሮች የተነሣው ተስፋ ግን እንዲህ አልቀናም። በ2016 የታተመውና ከ2,600 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ሴቭ የተባለው ጥናት፣ የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ መሣሪያው ተጨማሪ የልብ ድካምንና የአንጎል ምትን መቀነሱን አላሳየም። አማካይ አጠቃቀማቸው በሌሊት 3.3 ሰዓት ነበር። መድኀኒቱ አልሠራም እንበል ወይስ አልተወሰደም? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። ጭንብሎች በሦስት ወገን ይመደባሉ፤ አፍንጫን የሚሸፍን፣ አፍንጫና አፍን በአንድነት የሚሸፍን፣ በአፍንጫ ቀዳዳዎች ሥር የሚቀመጥ ትንሽ የሲሊኮን ትራስ። የመጨረሻው አዲስ ይምሰል እንጂ ወደ 1980ዋ ሌሊት ሁለት ቱቦዎች መመለስ ነው። አፍን የሚሸፍነው ሰፊው ጭንብል ለአፍ ተንፋሹ የሚስማማ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ ይታዘዛል። ይሁን እንጂ ማሰሪያው ሲጠብቅ መንጋጋንና ምላስን ወደ ኋላ ሊገፋ፣ በዚህም የሚፈለገውን ግፊት ሊያስጨምር እንደሚችል ታይቷል፤ ተጠቃሚዎቹም ከአፍንጫ ጭንብል ተጠቃሚዎች ይልቅ ቶሎ ይተዉታል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአብዛኛው በሽተኛ የአፍንጫው ወገን እንዲቀድም መክሯል። አፍንጫው የታፈነ ሰው ግን አስቀድሞ አፍንጫው መታከም አለበት። ጺም ያለው፣ የተዘጋ ነገር የሚያስጨንቀው፣ በሆዱ የሚተኛ ሰው ትንሹን ትራስ ቢሞክር ይሻለዋል። በማግኔት የሚያያዙ ማሰሪያዎችም አሉ፤ ከ2022 ጀምሮ አምራቾች በደረታቸው ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ ወይም በአንጎላቸው ውስጥ ብረት ያለባቸው ሰዎች ከእነዚህ እንዲርቁ አስጠንቅቀዋል።

ከዚህ ላይ አንድ የማውቀውን ነገር ብጨምር አንባቢ ይፈቅድልኛል ብዬ እገምታለሁ። አንድ ጡረታ የወጡ የሥራ ባልደረባዬ ከልጃቸው ከአሜሪካ በሻንጣ መሣሪያ መጣላቸው፤ ጭንብሉ ሰፊው ዓይነት ሆኖ መጠኑም ከፊታቸው ይበልጥ ነበር። አየሩ ወደ ዓይናቸው እያፈተለከ ስላስቸገራቸው ማሰሪያውን ባጠበቁት ቁጥር ይበልጥ አፈተለከ፤ የሲሊኮኑ ከንፈር የሚያሽገው በአየር ተነፍቶ እንጂ ተጨፍልቆ አይደለምና። የአፍንጫቸው አጥንት ላይ ከቆሰሉ በኋላ መሣሪያውን በፌስታል ጠቅልለው ቁም ሣጥን ላይ ሰቀሉት። ልጠይቃቸው በሄድሁበት ቀን ባለቤታቸው፣ «ማንኮራፋቱን ለምጄዋለሁ፤ የሚያስፈራኝ ዝም ሲል ነው። ጋሼ እያልኩ ስንት ጊዜ ቀሰቀስኳቸው መሰለህ» አሉኝ። ጭንብሉን ቢሮ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው እንደ ለኩት ገባኝ። ፊት ተጋድሞ ሌላ ነው፤ ጉንጭ ይወርዳል፣ ከንፈር ይከፈታል። ጭንብል የሚለካው ተኝቶ፣ ግፊቱ በርቶ፣ በሁለቱም ጎን ተገላብጦ ነው።

ስለ ሞተሩ ጥቂት ይበቃል። ለአብዛኛው ሰው በቋሚ ግፊትና ራሱን በሚያስተካክለው መካከል በውጤት ረገድ ትልቅ ልዩነት የለም፤ ሁለት ደረጃው የሚያስፈልገው የተለየ ችግር ላለበት ነው። ለእኛ አገር ሰው ግን የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። አየር በከፍታ ይሳሳልና ሞተሩ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ይበልጥ መሽከርከር አለበት፤ የድሮዎቹ ከፍታው በእጅ እንዲሞላላቸው ይጠይቁ ነበር፣ የቅርቦቹ ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ግን እስከ ወሰናቸው ድረስ። የኤርሴንስ 10 መመሪያ 2,591 ሜትርን የመጨረሻ ያደርጋል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ። መብራት በሚጠፋበት ቦታ በባትሪ ለመጠቀም የሚያስብም ሰው አየሩን የሚያረጥበውን ማሞቂያ ሳይጨምር ያስላ፤ ከፍተኛውን ኀይል የሚበላው እርሱ ነው።

ያገለገለ መሣሪያ በሻንጣ የሚመጣለት ሰው ደግሞ የ2021ን ሰኔ ማወቅ ይገባዋል። የሞተር ጩኸት ከመጀመሪያ ጀምሮ የተጠቃሚዎች ምሬት ስለ ነበረ አምራቾች በውስጡ ድምፅ የሚውጥ ስፖንጅ ያኖሩ ነበር። ሬስፒሮኒክስን በ2008 የገዛው ፊሊፕስ፣ ስፖንጁ እየተፈረፈረ ቅንጣቱና ጋዙ ወደ ሚተነፈሰው አየር ሊገባ ይችላል ብሎ በዚያ ወር በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን ጠራ፤ በ2024 በአሜሪካ በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነትም ተከተለው። አንዳንዱ መሣሪያ ታድሷል፣ አንዳንዱ አልታደሰም፤ በመልክ አይለዩም። የሚለየው ከሥሩ የተጻፈው ተራ ቁጥር ነው።

ዛሬ መሣሪያውን የማይታገሥ ሰው ሌሎች መንገዶች አሉት። ቀለል ላለው በሽታ የታች መንጋጋን ወደ ፊት የሚይዝ የጥርስ መሣሪያ፤ በ2014 በአሜሪካ የተፈቀደው የምላስን ነርቭ የሚያነቃቃ ተተካይ፤ በታኅሣሥ 2024 ወፍራም ለሆኑ በሽተኞች የተፈቀደው ቲርዜፓታይድ። ትራኪኦስቶሚም ለጥቂቶች አሁንም አለ።

ባልደረባዬ ግን ወደ ፌስታሉ ተመለሱ። የመሣሪያውን ተራ ቁጥር አየን፤ ከተጠሩት ውስጥ አልነበረም። ልጃቸው ሦስት መጠን ያላቸውን ትናንሽ የአፍንጫ ትራሶች በመንገደኛ ላከላቸው፤ አልጋቸው ላይ ተጋድመው አንድ ከሰዓት ሙሉ ሞከሩና መካከለኛውን መረጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ቆጣሪው በሌሊት ሁለት ሰዓት አሳየ፤ በሁለተኛው ወር ስድስት። ትራሱ በየጊዜው ስለሚሳሳ መለወጥ አለበት፤ እትዬም ከአሜሪካ ሰው መጣ ሲባል ከቡናና ከልብስ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ እርሱ ሆኗል።